በሜዳ መሸነፍ፦ የጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ጨዋታ በአንድ ደጋፊ ዓይን

መግቢያ

የእግር ኳስ ጨዋታ ካለቀ በኋላ በመዝገብ ላይ የሚቀረው ሁለት ቁጥር ነው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በኢትዮጵያና በናይጄሪያ መካከል የተካሄደው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታም «1 ለ 2» ተብሎ ተመዝግቧል። መዝገቡ አልተሳሳተም። ሆኖም በዚያ ምሽት ከስታዲየሙ ወጥቶ በየሰፈሩ የተበተነው ሕዝብ ምን ተሸክሞ ወደ ቤቱ እንደገባ ከቁጥሮቹ ማንበብ አይቻልም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሕዝብ መካከል የአንዱን ሰው ትዝታ ይከተላል። ሰውየው በጨዋታው ጊዜ አርባ ዓመቱ ነበር። ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ፣ በሒሳብ ሠራተኝነት የሚተዳደር፣ በኳሱ ዓለም ከደጋፊነት ሌላ ምንም ስም የሌለው ሰው ነው። የሚነሣው ጥያቄም የእሱው ነው። ያው ቡድን በዚያው ውድድር በሰው አገር ሲሸነፍ አዝኗል፤ በሜዳው ሲሸነፍ ግን አፍሯል። ሐዘንና ኀፍረት አንድ አይደሉም። የሚያዝን ሰው የሆነ ነገር አጥቷል፤ የሚያፍር ሰው ግን በጠፋው ነገር ውስጥ የራሱን እጅ ያያል። በወንበር ላይ ተቀምጦ የዋለ ሰው ይህን እጅ ከየት አመጣው?

ድርሻ አለኝ የማለት ምንጭ

በሜዳው የሚጫወት ቡድን ከእንግዳው ይልቅ አዘውትሮ እንደሚያሸንፍ በብዙ አገሮች የሊግ ውጤቶች የታየ፣ ለረጅም ጊዜም የተጠና ጉዳይ ነው። ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። የእንግዳው የጉዞ ድካም፣ ባለሜዳው የመሬቱን ጠባይ ማወቁ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የተመልካቹ ጩኸት፣ ጩኸቱም በዳኛው ላይ የሚያሳድረው ጫና አብረው ስለሚሠሩ የእያንዳንዱን ድርሻ ነጥሎ መመዘን አስቸጋሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጠው ከፍታ ይጨመራል። የተመልካቹ ድርሻ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጨዋታዎች በባዶ ስታዲየም በተካሄዱበት ወቅት ነው። በጀርመን ቡንደስሊጋ ያለ ተመልካች በተደረጉት ጨዋታዎች ባለሜዳዎቹ የሚያሸንፉበት መጠን ከወትሮው ቀንሶ ተገኝቷል።

ደጋፊው ስለ ድርሻው የተማረው ግን ከጥናት ሳይሆን ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ስታዲየም ካየው ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፎ አያውቅም ነበር። ለ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) ውድድር በተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ መጣ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የመልስ ጨዋታ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አስቆጥረው 2 ለ 0 ሲያሸንፍ የሁለቱ ጨዋታ ድምር 5 ለ 5 ሆነ፤ ካርቱም ላይ በተቆጠሩት ሦስት ግቦችም ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ አለፈች። በዚያ ቀን ደጋፊው ድምፁ እስኪዘጋ ጮኋል። ለሦስት ቀን ያህል በመሥሪያ ቤቱ በሹክሹክታ ሲያወራ ባልደረቦቹ ይስቁበት ነበር፤ እሱ ግን የተዘጋ ጉሮሮውን እንደ ደመወዝ ደረሰኝ ይቆጥረው ነበር። አሸነፉ አላለም፤ አሸነፍን አለ። ይህች አንዲት ፊደል ናት ከዓመት በኋላ ዕዳ ሆና የመጣችበት።

ወደ ጥቅምት 3 የወሰደው መንገድ

የአፍሪካ ዋንጫው ራሱ አጭር ነበር። በሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተረታ። ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ሩስተንበርግ ላይ ደግሞ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ሁለቱም ግቦች በጨዋታው መገባደጃ ላይ በቪክተር ሞሰስ የተመቱ ፍጹም ቅጣት ምቶች ነበሩ። ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች። ደጋፊው በቴሌቪዥን አይቶ አዘነ፤ በማግስቱም ሥራው ገባ።

የዓለም ዋንጫው ማጣሪያ ግን ተስፋውን መልሶ አቀጣጠለው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ብታስቆጥርም ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፤ በኋላም በርናርድ ፓርከር በገዛ መረቡ ላይ ባስቆጠራት ግብ ጨዋታው 2 ለ 1 ተጠናቀቀ። ኢትዮጵያ በ13 ነጥብ የምድቡ አሸናፊ መሆኗ ተረጋገጠ ተብሎ ከተማው በሆታ ተናወጠ። ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። ቦትስዋና ላይ በተደረገው ጨዋታ በቅጣት ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች መሰለፉ ተደርሶበት ሦስቱ ነጥቦች ተነሡ፤ 13 የነበረው 10 ሆነ። ለሒሳብ ሠራተኛው ይህ የሚያውቀው ዓይነት ስሕተት ነበር። አንድ መስመር በጊዜው ሳይታይ ያልፋል፤ ዓመት ሲዘጋ ግን ይገኛል። ቡድኑ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ የተወሰደበትን መለሰ፤ ከአፍሪካ የመጨረሻዎቹ አሥር ቡድኖችም አንዱ ሆነ። ወደ ብራዚል ለመሄድ የቀረው አንድ ባላጋራ ነበር፤ ዕጣውም የአፍሪካን ሻምፒዮን ናይጄሪያን አወጣ።

ጨዋታው

ደጋፊው ለትኬት ሌሊቱን በሰልፍ አደረ። እሑድ ጠዋት፣ ጨዋታው ገና ብዙ ሰዓት ሲቀረው፣ ካታንጋ በሚባለው የስታዲየሙ ክፍል ውስጥ ነበር። በዚያ ስታዲየም ውስጥ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ስም አለው፤ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ። ስሙን የሚያውቅ ሰው ቤተኛ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቦታው ሁሉ ሞልቶ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተሸፈነ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ዋልያዎቹ እንግዶቹን አስጨነቁ። ሳላዲን ሰዒድ ወደ ግብ የላካት ኳስ ከመውጣቷ በፊት የግቡን መስመር አልፋ እንደነበር ያየ ሁሉ ማለ፤ ዳኛው ግን ግብ ብሎ አልሰጠም። በ57ኛው ደቂቃ በኃይሉ አሰፋ የላካት ኳስ ቪንሰንት ኢንየማን አልፋ መረብ ላይ አረፈች። ስታዲየሙ ስለ ሆነው ነገር የደጋፊው ትዝታ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከፊቱ የነበረ የማያውቀው ሰው አንገቱን አንቆ ሲስመው ምንም አላየም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገረም። እቅፉ ሲላላ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ አባቱ ዘንድ ደውሎ የስታዲየሙን ጩኸት ሊያሰማቸው ፈለገ። በሠላሳ ሺህ ሰው መካከል መስመሩ እንቢ አለ። ደግሞ ሞከረ። ሌሎችም በዙሪያው ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘው ፎቶ ያነሡ፣ እርስ በርስ ይተቃቀፉ፣ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ይዘፍኑ ነበር። ጨዋታው ያለቀ ይመስል ነበር፤ ገና ግን ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ይቀር ነበር። በ67ኛው ደቂቃ ኢማኑኤል ኢመኒኬ አቻ ሲያደርግ ደጋፊው የስልኩን መስኮት እያየ ነበር። ግቧን አላያትም። ያወቃት በዝምታው ነው።

የቀረው ጊዜ ሌላ ጨዋታ ሆነ። በሜዳ ላይ ያሉት አሁንም ይሮጡ ነበር፤ የተለወጠው ከሜዳው ውጪ ያለው ነው። ጩኸቱ በየቦታው እየነደደ የሚጠፋ እሳት ሆነ። እንግዳው ኳስ በያዘ ቁጥር ሠላሳ ሺህ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ የተያዘ ትንፋሽ ደግሞ ለማንም ጉልበት አይሆንም። ደጋፊው ሊጮህ ሲያስብ ጉሮሮው አልታዘዝ አለው። የቻለው እጁን በራሱ ላይ ማድረግ ብቻ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ በ90ኛው ደቂቃ፣ ለናይጄሪያ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ኢመኒኬ መታ፤ አገባ። ፊሽካው ሲነፋ ከኋላው አንድ ወጣት «መስመሩን አልፋ ነበር እኮ!» እያለ ለማንም ሳይሆን ይደጋግም ነበር።

የመስመሯ ኳስ

ይህች የሳላዲን ኳስ በዚያ ምሽት የከተማው መጽናኛ ሆነች። ደጋፊው ከስታዲየም ወጥቶ፣ ለቀላል ባቡሩ በተቆፈረው መንገድ ዳር በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ካዛንቺስ ሲሄድ በየቡድኑ የሚሰማው ወሬ እሷኑ ነበር። ክርክሩ መሠረት የሌለው አይደለም። ግቧ ብትጸድቅ ኖሮ ጨዋታው ሌላ መልክ በያዘ ነበር ማለት ይቻላል። በወቅቱ የሚወስነው የሰው ዓይን ብቻ ስለነበር ሊሳሳትም ይችላል።

ነገር ግን ደጋፊው መንገድ ላይ ሳለ አንድ ነገር ታዘበ። ስለ መስመሯ ኳስ ሲናገር ኀፍረቱ ይቀልለታል፤ ዝም ሲል ደግሞ ይመለስበታል። ሰበብ ሆኖ የሚሠራውም ለዚህ ነው። የደጋፊውን ድርሻ አንሥቶ ለዳኛው ያሸክማል። ከዓመት በፊት ሱዳንን በድምፄ አሸነፍኩ ያለ ሰው አሁን ድምፅ ምንም አያደርግም፣ ዳኛው ነው ሁሉን የወሰነው ሲል የመዝገቡን አንድ ገጽ ብቻ ማንበቡ ነው። በሙያው እንዲህ ያለ መዝገብ ቢቀርብለት አይፈርምበትም። ገቢው ላይ ስሙን ያሰፈረ ሰው ወጪው ላይ ስሙን ሊሰርዝ አይችልም። ጩኸቱ ለድሉ ከቆጠረ፣ ዝምታውም ለሽንፈቱ ይቆጠራል። ወይም ሁለቱም አይቆጠሩም።

አባትና ልጅ

ካዛንቺስ የገባው ከመሸ በኋላ ነው። አባቱ ሰባ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ ጨዋታውን የተከታተሉት በሬዲዮ ነበር። ሬዲዮው ተዘግቶ ራስጌ ተቀምጧል።

በዚያ ቤት የእግር ኳስ ታሪክ አንድ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አባት የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳሉ፣ በዚያው ስታዲየም ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አይተዋል። ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ሲቀበል የነበረውን ሁኔታ ልጃቸው ሳያየው ያውቀዋል። በበዓል፣ በሠርግ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ሲነገር ሰምቶታል። ወደ ስታዲየም የሄደው እንደ አባቱ አንድ ቀን የሚነገር ነገር ይዞ ለመመለስ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ልጅ ገና ሳይቀመጥ «መስመሩን አልፋ ነበር፣ አባባ» ሲል ጀመረ።

አባት እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያም «የኮንጎውን ነግሬህ አላውቅም» አሉት።

በጥር 1960 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ዳግመኛ አስተናግዳ ነበር። ቡድኑ የምድብ ጨዋታዎቹን ሁሉ አሸንፎ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ በዚያም በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ኮንጎዎች ዋንጫውን ይዘው ሄዱ። ልጅየው ውጤቱን ከመጽሔት ያውቀዋል፤ አባቱ በስታዲየሙ እንደነበሩ ግን አያውቅም ነበር።

«ነበርኩ» አሉ አባት። «እስከ መጨረሻው ግን አልነበርኩም። ተጨማሪው ሰዓት ሳያልቅ ወጣሁ። ላየው አልቻልኩም። በሩ ላይ ስደርስ ገና እየተጫወቱ ነበር። ልጆቹ ሜዳ ላይ ናቸው፤ እኔ ውጪ ነኝ።»

ጥቂት ዝም ብለው «የ54ቱን ሳወራ ያቺን በር ሁልጊዜ አያታለሁ» አሉ።

ልጅም በተራው ስልኩን ነገራቸው። መስመሩ እንቢ ማለቱን፣ ግቧን አለማየቱን፣ በመጨረሻም ድምፁ አልወጣ ማለቱን። አባት አልወቀሱትም፤ አላጽናኑትምም። «እኔን ልታሰማ ነው» አሉና እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አደረጉ። ከዚያ እራት ቀረበ።

የሚወረሰውና የማይወረሰው

ከዚህ ምሽት የሚወጣ ትምህርት ካለ፣ ደጋፊዎች ትዝታቸውን የሚያወርሱበት መንገድ ጉድለት ያለበት መሆኑ ነው። ድል ከአባት ወደ ልጅ ከነዝርዝሩ ይተላለፋል፤ ማን አቀበለ፣ ማን መታ፣ ንጉሡ ምን ለብሰው ነበር። ሽንፈት ግን ወይ ይረሳል፣ ወይም በአንድ ሰበብ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በ1968 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ በተስተናገደው ውድድር ኢትዮጵያ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፋ ከምድቧ ሳታልፍ ቀርታለች፤ በዚያ ቀን ስታዲየም የነበሩ ሰዎች ስለ ጨዋታው ለልጆቻቸው የነገሩት ከ1954ቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ውጤቱም ተከታዩ ትውልድ በየጊዜው እንደ አዲስ መደንገጡ ነው። ቀድሞ እየመሩ ጨዋታው ሳያልቅ መደሰትን፣ አቻ ሲሆኑ በፍርሃት መታፈንን አስቀድሞ ያየ ሰው ነበረ፤ የነገረ ግን አልነበረም።

ለዚህ ሐሳብ ተቃውሞ ሊቀርብበት ይችላል። ናይጄሪያ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች፤ በአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች የሚጫወቱ ልጆች ነበሯት፤ ካታንጋ ውስጥ አንድ ሰው ስልኩን ባያወጣ ኖሮ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። እውነት ነው። ደጋፊው ራሱም ይህን አይክድም። የእሱ ነጥብ ውጤቱን ማን ለወጠው የሚል አይደለም፤ «አሸነፍን» በሚል ቃል ውስጥ የገባ ሰው «ተሸነፍን» ሲባል ከቃሉ ሊወጣ አይገባውም የሚል ነው። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ ናይጄሪያ የመልሱን ጨዋታ 2 ለ 0 አሸንፋ በድምሩ 4 ለ 1 ስታልፍ፣ እንደ ሩስተንበርጉ ሁሉ፣ በቴሌቪዥን አይቶ አዘነ። አላፈረም። እዚያ አልነበረማ።

ማጠቃለያ

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። አባት አርፈዋል። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ ነበር፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በአገሪቱ ያሉት ስታዲየሞች መስፈርቱን አያሟሉም በማለቱም ብሔራዊ ቡድኑ «የሜዳው» የሚባሉትን ጨዋታዎች በሰው አገር ለማድረግ ተገድዶ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በማላዊዋ ከተማ ሊሎንግዌ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጥረው ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። በመዝገብ ላይ ይህ በሜዳ የተገኘ ድል ነው።

ደጋፊው ጨዋታውን ያየው ካዛንቺስ፣ ከአሥር ዓመት ልጁ ጋር ነው። ተደሰተ፤ አጨበጨበ። ግን ልጅቷ «አሸነፍን አይደል?» ስትለው ለመመለስ ትንሽ ዘገየ። ድሉ እንደ ስጦታ ደረሰው እንጂ ድርሻውን አላየበትም። ጉሮሮው አልተዘጋም። በዚያች ቅጽበት የናፈቀው የሱዳኑ ቀን ብቻ አልነበረም፤ የጥቅምት 3ቱንም ናፈቀ። በሜዳ መሸነፍም ሜዳ ይፈልጋል። ሊያፍር የሚችለው የነበረ ሰው ብቻ ነው፤ መኖሪያ ያጣ ቡድን ደግሞ ደጋፊዎቹን ከድሉ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ኀፍረትም ያርቃቸዋል።

ልጅቷ ስታዲየም ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ ምን እንደሚመስል ጠየቀችው። የ1954ቱን የአያቷን ታሪክ ታውቀዋለች፤ ከእሱ አልጀመረም። ከካታንጋ ጀመረ፤ ከበኃይሉ ግብ፣ ካቀፈው ከማያውቀው ሰው፣ ከኪሱ ካወጣው ስልክ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሆነውንም አልዘለለውም።